ከሱቄ በር በላይ የነበረው ስም

እኔ ዕቃ ወዳድ ነኝ። ዕቃ ስል ሶፋና ቁም ሣጥን ማለቴ አይደለም፤ የሚበራ፣ የሚጮህ፣ ቻርጅ የሚደረግ፣ ውስጡ ሽቦ ያለው ነገር ሁሉ ማለቴ ነው። ልጅ ሳለሁ አባቴ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲመለስ የሚያዳምጣትን ሬዲዮ ፈታትቼ መልሼ ስገጥማት ሦስት ብሎን ተረፈኝ። ሬዲዮዋ ግን ሠራች። አባቴ ብሎኖቹን መዳፉ ላይ አድርጎ አገላብጦ አያቸውና «እና እነዚህ እስከ ዛሬ ምን ይሠሩ ነበር?» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እጄ የነካው ነገር ሁሉ እንደሚስተካከል አምኜ ኖርኩ። ስህተቴ የተጀመረው እዚያ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን አቃቂ በሰቃ ውስጥ ስልክና ላፕቶፕ የምጠግንባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። የምንኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም ነው። ሚስቴ መሃል ከተማ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ትሠራለች፤ ጠዋትና ማታ የምትሳፈርበት ታክሲ በሱቄ ፊት ለፊት ያልፋል። ቤታችን ውስጥ ከሰው ይልቅ ዕቃ ይበዛል። በስልክ የሚታዘዝ አምፖል ገዝቼ የገጠምኩ ቀን ሚስቴ «ማብሪያ ማጥፊያው ምን በደለህ?» ብላኝ ነበር። እጄ ላይ ያሰርኩት ሰዓት እርምጃዬን፣ የልቤን ምትና እንቅልፌን ይቆጥራል፤ ዓይኔን ሳልከድን ያነጋሁ ዕለት «ጥሩ እንቅልፍ ነበር» ብሎ ያመሰግነኛል። ከሰው ዕቃ ትወዳለህ እያሉ የሚያሙኝ አሉ። ዕቃ ሲዋሽ እንኳ ክፋት የለውም።

ከዕቃ ቀጥሎ የምወደው በዕቃና በድርጅት ስም መቀለድ ነበር። ስልክ የሚሠሩ ሰዎች ስም ሲያልቅባቸው ቁጥር ይጀምራሉ፤ ቁጥሩ ሲሰለቻቸው «ፕሮ» ይጨምሩበታል፤ የዘንድሮውን ካምናው የሚለየው ግን የካሜራው ማበጥ ብቻ ነው። የእኛ ሰፈር ደግሞ ስም አያልቅበትም። ሁለት ሰው ቆሞ የማይገባባት የቆርቆሮ ሱቅ «ኢንተርናሽናል» ትባላለች፤ ባለቤቷ ከደብረ ዘይት አልፎ አያውቅም። «ግሩፕ» የሚል ታፔላ የሰቀለው ሰውዬ ምሳውን እንኳ የሚበላው ብቻውን ነው። «ወንድማማቾች» የሚል ጋራዥም አለ። ወንድማማቾቹ ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ አንዱ በግቢው ቀኝ፣ ሌላው በግራ መኪናቸውን ይፈታሉ፤ ታፔላውን ግን ለማውረድ አልተስማሙም።

ከሁሉም የበለጠ ያሳቀኝ ብሎኬት የሚያመርተው ጎረቤታችን ነው። የአራት ልጆቹን ስም መነሻ እየቆረጠ አገጣጥሞ፣ ሲጠሩት መድኃኒት የሚመስል የድርጅት ስም አወጣ። ታፔላው በተሰቀለ በዓመቱ አምስተኛ ልጅ ተወለደች። አፍ ስትፈታ «እኔስ የት አለሁ?» ብላ ብትጠይቀው «አንቺ ቅርንጫፍ ስንከፍት ነሽ» አላት። ይህንን ታሪክ ለደንበኞቼ ስንት ጊዜ እንደተረክሁ አላውቅም። በሰው ስም የሳቅሁት የራሴ ተራ እስኪደርስ ነው።

ተራዬ የደረሰው ለሱቄ ንግድ ፈቃድ ላወጣ የሄድኩ ቀን ነው። ዘመናዊ ዘመናዊ የሚሸቱ ሰባት ስሞች በወረቀት ጽፌ ይዣለሁ፤ ለወራት ያሰብኩባቸው ናቸው። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ሴት መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ በዕድሜ እናቴን የምታክል ነበረች። የመጀመሪያውን ስም ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈችና «ተይዟል» አለችኝ። ሁለተኛውም ተይዟል። ሦስተኛው ከሌላ ጋር ይመሳሰላል። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ እሷም ደከማት መሰለኝ መነጽሯን አወለቀች።

«ልጅ የለህም?» አለችኝ። «ሰው ሲቸግረው የልጁን ስም ነው እኮ የሚያወጣው።»

«አንዲት በመንገድ ላይ አለች» አልኳት።

ሚስቴ ስድስት ወር አልፏት ነበር። ሴት መሆኗን ያወቅነው በአልትራሳውንድ ነው። እኔ ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ሐኪሙን ስጠይቅ ሚስቴ «ልጅህን እያት» ብላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። የዚያን ዕለት ማታ ስሙን ነገረችኝ። ከእናቴ ሆድ ጀምሮ ያሰብኩት ነው ያለች ይመስል፣ አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብላ ተናገረችው። ቀጥላም «እስክትወለድ ለማንም እንዳትናገር፤ ለእናቴም ቢሆን» አለችኝ። እሺ አልኩ።

ስሙን መስኮቱ ጋ ላለችው ሴት ነገርኳት። ብዙ ሰው የማያወጣው ስም ስለሆነ አልተያዘም ነበር። አተመችልኝ። እዚህ ግን አልጽፈውም። አንድ ጊዜ ሳልጠይቅ ጽፌዋለሁ፤ ይበቃኛል።

ወረቀቱን ይዤ ቤት ስገባ ሚስቴና አማቴ ቁጭ ብለው ምስር ይለቅማሉ። ለሚስቴ ሰጠኋት። አነበበችው፤ ከዚያ ሆዷን በአንድ እጇ ያዘች።

«ሳትወለድ?» አለች።

አማቴ ነገሩ ሲገባቸው ሰፌዱን ከጭናቸው አወረዱ። «እኛ ሳይወለድ ካልሲ አንገዛም፤ አንተ ወስደህ መንግሥት ቤት አስመዘገብካት?» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ላስረዳቸው ተነሣሁ። እማማ፣ በአሁኑ አሠራር ስም ዛሬ ካልያዙት ነገ ሌላ ሰው ይይዘዋል አልኳቸው። እሳቸው «ስምን መልአክ ያወጣዋል» አሉ። «መልአኩ ንግድ ፈቃድ የለውማ» አልኩ። የሳቅኩት ብቻዬን ነበር። በሕይወቴ ብዙ የማይረባ ነገር ተናግሬአለሁ፤ መልሼ ልውጠው የምመኘው ግን ይህንን ነው።

ታፔላውን ራሴ ሠራሁት። ፊደላቱን ከወተት ነጭ ፕላስቲክ አስቆርጬ ከኋላቸው ኤልኢዲ የሚባሉትን ጥቃቅን አምፖሎች ደረደርኩ፤ የብርሃን ሴንሰርም ገጠምኩለት። ሲመሽ ማንም ሳይነካው ራሱ ይበራል፤ ሲነጋ ራሱ ይጠፋል። ሐምሌ ላይ ሰማዩ ሲከብድ በቀትርም ይበራ ነበር። ታክሲ ተራው ጋ ሆኖ ስሟ ይነበባል። ጨርሼ መንገዱን ተሻግሬ ቆምኩና በኩራት ደጋግሜ አነበብኩት።

ሱቁን የከፈትኩ ቀን ሚስቴ ስምንት ወር ገብቷት ነበር። አኩርፋ የማትመጣ መስሎኝ ነበር፤ መጣች። የካሽ ሬጅስተር ማሽኑ አዲስ ነው፤ ወረቀቱ እንኳ ሽታው አልለቀቀውም። «የመጀመሪያዋ ደንበኛ አንቺ ትሆኛለሽ» ብዬ አንድ የስልክ ሽፋን ሸጥኩላትና ደረሰኝ አወጣሁላት። ከላይ፣ በደማቁ፣ የልጃችን ስም ታትሞ ነበር። ሚስቴ ስሙ ላይ ጣቷን አሳለፈች። «ያምርባታል» አለች። ከዚያ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ይቅር ያለችኝ ያን ቀን መስሎኝ ነበር።

ልጃችን ሁለት ቀን ኖረች።

ምን እንደሆነች ሐኪሞቹ ነግረውኛል፤ ማንም ያጠፋው ነገር አልነበረም። ቄስ ለመጥራት አልደረስንም። ክርስትና ሳትነሣ ስለሄደች ፍትሐት አልነበራትም። ሚስቴ ሆስፒታል ተኝታ እያለች፣ እኔና ከዕድር የመጡ አምስት ወንዶች ጠዋት ቀበርናት፤ ከቀብሩ እስክንመለስ ድረስ ስሟን የጠራ ሰው አልነበረም። ወረዳ ሄጄ ልደቷን አላስመዘገብኩም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የእኔ ልጅ ስም የዋለው ከስልክ ሽፋንና ከቻርጀር በላይ ነው።

በአሥራ አምስት ቀኑ ሱቄን ከፈትኩ። ታፔላውን ያላወረድኩት ለምን እንደሆነ ብዙ ምክንያት ነበረኝ። ስም መቀየር ማመልከቻ ይፈልጋል፣ የደረሰኝ ማሽኑም በባለሙያ እንደገና ይስተካከላል እል ነበር። ውሸት ነው፤ ይህ ሁሉ የሁለትና የሦስት ሳምንት ጉዳይ ነው። እውነቱ፣ ሲመሽ ሲበራ ማየት እፈልግ ነበር።

በእኛ ሰፈር ባለሱቅ በታፔላው ይጠራል። ሐዘናችንን የማያውቁ ደንበኞች «የእገሊት አባት፣ ስክሪን አለህ?» እያሉ በስሟ አባት አድርገው ይጠሩኝ ጀመር። በመጀመሪያዎቹ ወራት እያንዳንዱ ጥሪ ወገቤን ይቆርጠኝ ነበር። ኋላ ለመድኩት። ከሁሉ የከፋው ግን መልመዴ አይደለም።

ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ አሉኝ። ትልልቅ ቁልፎች ያሉት ስልካቸው ሁልጊዜ አንድ ነገር ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ድምፁን ራሳቸው ዘግተውት ነው። ሱቁ በተከፈተ በአራተኛው ወር መጥተው ታፔላውን በከዘራቸው እያሳዩ «ልጅቷ እንዴት ናት?» አሉኝ። ስልካቸውን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼዋለሁ። «ደህና ናት፣ አባባ» አልኳቸው።

ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ከበደኝ ብል ግማሹን ብቻ ነው የምናገረው። ሌላው ግማሽ፣ መዋሸቱ ጣመኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ ጥርስ አበቀልኩላት። ከዚያ አስኬድኳት። አንድ ክረምት ጉንፋን አስይዤ አዳንኳት። እሳቸውም በየጊዜው ለእሷ ብለው ከረሜላ ይዘው ይመጣሉ፤ ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ መስከረም ሲጠባ፣ ኬጂ አስገባኋት።

ሚስቴ በእነዚህ ዓመታት ሱቄን ረግጣ አታውቅም። ጠዋት ከሚያስፈልጋት ሰዓት ቀድማ ትወጣለች፤ አብረን እንዳንሄድ ነው ብዬ አሰብኩ። አንድ ቀን ታክሲዋ ሱቁ ፊት ሰው ለማውረድ ሲቆም መስኮቱ ጋ ተቀምጣ አየኋት። ዓይኗ ታፔላው ላይ ነበር፤ ሻሿን ስባ አፏን ሸፈነች። ስሙ አላስችል ብሏት ነው አልኩ በልቤ። ጠይቄያት ግን አላውቅም። ቤታችን ውስጥ ስለ ልጅቷ አንነጋገርም ነበር፤ ስለ መብራትና ስለ ውሃ እንነጋገራለን።

በዚያው በመስከረም አንድ ምሽት ከሥራ ገባች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«ኬጂ ገባች አሉኝ» አለች።

ያጠብኩት ብርጭቆ እጄ ላይ ቀረ።

«ታክሲ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሱቁ ሲከፈት አይተውኛል መሰለኝ። ልጅሽ ኬጂ ገባች፣ እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«አሜን አልኳቸው» አለችና ልብስ ልትቀይር ገባች።

ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልጨመረችም። ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ በወደድኩ። እኔም ዝምታዋን ራሴ ተረጎምኩት፦ አውርደው እያለችኝ ነው አልኩ። ሦስት ዓመት በዚያ ስም ሥር ሳሰቃያት ኖሬ አሁን ደግሞ በውሸት አቆሰልኳት፤ ቢያንስ ታፔላውን ላንሣላት ብዬ ቆረጥኩ። በድንገት ላስደስታት ፈልጌ ሳልነግራት ጀመርኩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ግን ሁለተኛውን ጊዜ የምለቅመው እንኳ አልነበረኝም።

የስም ለውጡ አላስቸገረኝም። የራሴን ስም ከነአባቴ፣ ከነአያቴ አስገባሁ፤ ወዲያው አለፈ። እሱን የፈለገ ሰው አልነበረም። የማሽኑ ባለሙያ መጥቶ የደረሰኙን ራስጌ ቀየረልኝ። ዓርብ ከሰዓት መሰላል ላይ ወጥቼ ታፔላውን ፈታሁ። ኤልኢዲዎቹን ለሌላ ደንበኛ ሥራ አዋልኳቸው፤ ፕላስቲክ ፊደላቱን ቆራሌው ከተበላሹ ቻርጀሮች ጋር በጆንያ ይዞ ሄደ። ይህን ጊዜ አንድም ብሎን አልተረፈኝም። በቦታው ስሜን በቀይ ቀለም ያጻፍኩበትን ባነር ሰቀልኩና ቀለል ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሚስቴ የዚያን ዕለት ራሴን አሞኛል ብላ ሳትበላ ተኛች። ቅዳሜ ጠዋት በረንዳው ላይ ልብስ ስታሰጣ ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

«ታፔላውን አየሽው?» አልኳት።

«አየሁት።»

«በቃ፣ ከእንግዲህ በዚያ ስታልፊ ፊትሽን አትሸፍኚም።»

የያዘችውን ልብስ ወደ ሳፋው መለሰችው። «ማን ነው ፊቱን የሸፈነው?» አለችኝ።

ያየሁትን ነገርኳት። ሻሿን፣ ጠዋት ቀድማ መውጣቷን፣ ሱቅ አለመምጣቷን ሁሉ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ቀድሜ የምወጣው በሱቁ በኩል ያለው መስኮት ጋ ለመቀመጥ ነው» አለች። «እዚያ ቦታ የሌለውን ታክሲ አሳልፋለሁ። ሁለትም ሦስትም የማሳልፍበት ቀን አለ። ጠዋት አንዴ አየዋለሁ፤ ስመለስ ደግሞ በርቶ አየዋለሁ። ሳለቅስ ሰው እንዳያየኝ ነው የምሸፍነው።»

«ታዲያ ሱቅ ለምን አትመጪም ነበር?»

«እዚያ አንተ አለሃ።»

ቁጣ አልነበረባትም። የታክሲ ተራ እንደምትነግረኝ ነው የተናገረችው።

«ክርስትና አልተነሣችም፤ ወረዳም አልተመዘገበች» አለች ቀጥላ። «የተጻፈችው እዚያ ብቻ ነበር። ስትሰቅለው አልጠየቅከኝም። ስታወርደውም አልጠየቅከኝም።»

ፊደላቱን ቆራሌው እንደወሰዳቸው አልነገርኳትም። ብትጠይቀኝ ኖሮ እንኳ የምነግራት አይመስለኝም። ሌላ አሠራልሻለሁ ልል አፌን ስከፍት እሷ ወደ ውስጥ ገብታ የጸሎት መጽሐፏን ይዛ ወጣች። ከገጾቹ መሃል አንዲት የታጠፈች ወረቀት አውጥታ እጄ ላይ አደረገችልኝ።

ዘርግቼ አየኋት፤ ነጭ ናት። ወደ ብርሃን አዞርኳት፤ ነጭ ናት። ወዲያው ገባኝ። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ቀለም የለውም፤ ፊደሉን የሚያወጣው የማሽኑ ሙቀት ነው፤ ሲቆይ ደግሞ ይለቃል። ደረሰኝ ይዘው ለሚመጡ ደንበኞች ሁሉ ይህንን እነግራለሁ፤ ፎቶ አንሡት፣ ይጠፋል እላቸዋለሁ። ለሚስቴ የነገርኳት ቀን የለም።

«መቼ እንደጠፋ አላውቅም» አለች። «አምና ስፈልጋት ራስጌው ብቻ ይታይ ነበር። አንተ ዕቃ ታውቃለህ። መልስልኝ።»

ሱቅ ውስጥ ሆት ኤር የምንለው፣ የተበየደ ዕቃ የምነቅልበት፣ ሞቃት አየር የሚተፋ መሣሪያ አለኝ። እንዲህ ያለ ወረቀት ቀስ ተብሎ ከሩቅ ሲሞቅ አንዳንዴ ሌላው ሲጠቁር ፊደሉ ነጥቶ ይታያል። አንዳንዴ ደግሞ ሙሉ ለሙሉ ይጠቁርና ያበቃለታል። እግሬ ወደ በሩ ሊሄድ ሲል ራሴን ያዝኩት። ካገባኋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

«ላሙቀው?» አልኳት። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሞከረው። ወይ ይወጣል፣ ወይ ሁሉም ይጠቁራል። አንቺ ምን ትያለሽ?»

የጸሎት መጽሐፏን ገለጠች።

«ዛሬ ነው የምትጠይቀኝ?» አለች፤ ባዶዋን ወረቀት ከእጄ ላይ ወስዳ በነበረችበት ገጽ መለሰቻት።